ስለ ቦዶኒ ፊደል፤ ለማየት ነውን ወይስ ለማንበብ?

በቤተ ክርስቲያን መልእክት ሲነበብ ድምፁ ያማረ ዲያቆን ሕዝቡን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ «ዛሬ የተነበበው ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅና «ድምፁስ እንዴት ያምር ነበር!» ከማለት በቀር የሚመልሰው ቢያጣ፥ ያ ምስጋና ለዲያቆኑ ምስጋና መሆኑ ቀርቶ ነቀፌታ ይሆንበታል። ድምፁ ቃሉን ሊያደርስ ተላከ እንጂ በቃሉ ፊት ሊቆም አልተላከምና። በመጽሐፍ ላይ የዲያቆኑን ድምፅ ስፍራ የያዘው ፊደል ነው። ፊደል ቃልን ከጸሐፊው ልብ ወደ አንባቢው ልብ ያደርሳል። ቢያምር መልካም ነው፤ ባያምር ግን ጐልቶ መታየቱ ይበቃዋል። እጅግ ከመጠን በላይ ያማረ እንደ ሆነስ?

ይህ ጥያቄ በኤውሮፓ የኅትመት ጥበብ ታሪክ ውስጥ አብዝቶ የተነሣው በአንድ ሰው ፊደል ላይ ነው። ሰውዬው ጃምባቲስታ ቦዶኒ የሚባል ኢጣልያዊ ፊደል ቀራጭና አታሚ ሲሆን በ1740 ተወልዶ በ1813 ሞተ፤ ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በስሙ የሚጠራው ፊደል እስከ ዛሬ ድረስ በመጽሐፍ ልባስ፥ በመጽሔት ርእስ፥ በሽቱ ብልቃጥና በሱቅ በር ላይ ይታያል። ወዳጆቹ የአታሚዎች ንጉሥ ብለው ሰየሙት፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ ፊደሉ ሊነበብ የማይችል ከንቱ ጌጥ ነው ብለው አወገዙት። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አላቸው፤ ስለዚህ ነገሩ በጥሞና ሳይመረመር ፍርድ የሚሰጥበት አይደለም።

አስቀድሞ የፊደሉን መልክ ማስረዳት ይገባል። የላቲን ፊደል ዐምዱ በቆመበት ከላይና ከታች በጫፉ አጭር አግድም መሥመር አለው፤ ይህንንም ሰሪፍ ይሉታል። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት በቬኒስና በፓሪስ በተቀረጹት ፊደላት ይህ ሰሪፍ፥ የዛፍ ሥር ከግንዱ ጋር እንደሚገናኝ፥ ቀስ ብሎ እየጐበጠ ከዐምዱ ጋር ይገናኛል። በወፍራሙና በቀጭኑ መሥመር መካከል ያለው ልዩነትም መጠነኛ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ፊደላቱ የተቀዱት ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ከተቈረጠ ብርዕ ጽሕፈት ስለ ሆነ ነው። የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊ መቃውን ቀርጾ በብራና ላይ ሲጽፍ ወፍራሙና ቀጭኑ መሥመር ከብርዑ አቈራረጥና ከእጁ አዟዟር እንደሚወጣ፥ የእነዚያም ነገር እንደዚሁ ነበረ።

ቦዶኒ ግን ዐምዱን አወፈረ፤ ቀጭኑን መሥመር እንደ ጠጕር አቀጠነ፤ የሰሪፉንም ጕብጠት አስወግዶ እንደ ምላጭ ስለት ቀጥ አደረገው። ክብ የሆኑት ፊደላት ውፍረታቸው ወደ ጐን ማዘንበሉን ትቶ በግራና በቀኝ ትክክል ሆኖ ቆመ። የአንዳንዱም ፊደል ጫፍ እንደ ጠል ነጠብጣብ ክብ ሆኖ ይፈጸማል። ይህ መልክ ከሰፊ ብርዕ የመጣ አይደለም፤ ሲጫኑት ከሚከፈት ሹል ብርዕና ሥዕልን በመዳብ ላይ ከሚቀርጽ ሰው መሣሪያ የመጣ ነው። በገጹ ላይ ሲያዩት ጥቍሩ እንደ ቤተ መንግሥት ዐምድ፥ ነጩም በዐምዶቹ መካከል እንዳለ አደባባይ ሆኖ ይታያል።

ይህን መንገድ የጀመረው ቦዶኒ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ባስከርቪል በ1757 የቨርጂልን መጽሐፍ ሲያትም፥ ጠቈር ያለ ቀለምና በሙቀት ተጭኖ የለሰለሰ ወረቀት አዘጋጅቶ ቀጭን መሥመር ሳይሰበር የሚታተምበትን በር ከፈተ። ሻካራ ወረቀት ቀጭኑን መሥመር ይውጠው ነበርና። በፓሪስም ፊርመን ዲዶ በ1784 ገደማ የዚህን ዐይነት ፊደል ቀረጸ። የፈረንሳዩ ቀዝቃዛና ጥብቅ ነው፤ የኢጣልያው ግን በዚያው ሥርዐት ውስጥ ጥቂት የእጅ ሙቀት አለበት። ሁለቱን አስተያይቶ ያየ ሰው ልዩነቱን ይገነዘባል።

ቦዶኒ የተወለደው በፒዬሞንቴ አገር በሳሉትሶ ከተማ ከአታሚ ቤተ ሰብ ነው። በ1758 ገና የ18 ዓመት ጐልማሳ ሳለ ወደ ሮማ ሄዶ በፕሮፓጋንዳ ፊዴ ማተሚያ ቤት ሥራ ያዘ። ይህ ማተሚያ ቤት በ1626 የተቋቋመ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ማተሚያ ሲሆን፥ የምሥራቅን ቋንቋዎች ፊደል ያከማች ነበር። በሮማ ከተማ የግዕዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ መዝሙረ ዳዊት የታተመበት በ1513 ነው፤ ይህም ቤት በበኩሉ በ1631 የግዕዝን ፊደል የሚያስረዳ መጽሐፍ አትሟል። ለወጣቱ ቦዶኒ የተሰጠው ሥራ ተበታትነውና ዝገው የነበሩትን የምሥራቅ ፊደላት የብረት ማኅተሞች ማጽዳትና በየወገናቸው መለየት ነበረ። ብዙ ሰው ፊደልን በዓይኑ ይማራል፤ እርሱ ግን ዝገቱን እየፋቀ በጣቱ እየዳሰሰ ተማረው። ፊደልን ከሚያወጣው ቃል ይልቅ በቅርጹ ማፍቀሩ ከዚያ ጀመረ ቢባል የተሳሳተ ግምት አይሆንም።

በ1766 ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ ከሮማ ወጣ፤ ነገር ግን ታሞ በትውልድ ከተማው ቀረ። በ1768 የፓርማ መስፍን ፈርዲናንድ የመንግሥቱን ማተሚያ ቤት እንዲመራ ስለ ጠራው፥ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ 45 ዓመት በፓርማ ኖረ። በመጀመሪያ ከፓሪስ በመጣው በፉርኒዬ ፊደል ይሠራ ነበር፤ በ1771 ያወጣው የፊደል መልክ ማሳያ መጽሐፍም በፉርኒዬ አምሳል የተሠራ፥ በሐረግና በጌጥ የተከበበ ነበረ። ዓመታት ባለፉ ቍጥር ግን ሐረጉን እየነቀለ ጣለው። በ1791 የሆራስን፥ በ1793 የቨርጂልን መጻሕፍት ሲያትም ገጹ ከፊደልና ከሰፊ ነጭ ስፍራ በቀር ሌላ ጌጥ የሌለው ሆነ። ከአሜሪካ ቤንጃሚን ፍራንክሊን፥ እርሱም ራሱ አታሚ የነበረ ሰው፥ በ1787 የምስጋና ደብዳቤ ጽፎለት ነበር።

ሐረጉን መንቀሉ ሊመሰገንበት የሚገባ ሥራ ነው። ደካማ ጽሕፈት በጌጥ ይሸፈናል፤ ጌጡ ሲነሣ ግን የጸሐፊው እጅ ዕራቍቱን ይቀራል። ቦዶኒ ይህን ፈተና ፈልጎ ገባበት። ነገር ግን የኋላ ጥፋቱም የተፀነሰው በዚሁ በጎ ሥራው ውስጥ ነው። ሐረጉን ካስወጣ በኋላ ፊደሉን ራሱን ሐረግ አደረገውና።

ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል ስለ እርሱ የጻፈው ወሬ ይህን ያስረዳል። ቦዶኒ ለእንግዳው በፈረንሳይ ቋንቋ ያተማቸውን መጻሕፍት አቅርቦ የቱ እንደሚበልጥ ጠየቀው። ስታንዳልም ሁሉም እኩል አምረው እንደ ታዩት ሲናገር፥ አታሚው እንዴት አታስተውልም ብሎ የባለቅኔውን የቧሎን ስም በአንድ መሥመር በዐቢይ ፊደል ታትሞ አሳየው፤ ያን ፊደል እስኪያገኝም 6 ወር እንደ ፈጀበት ነገረው። ይህን የሚሰማ ሰው ይሥቅ ይሆናል። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ አንዲት ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው፥ የአታሚውን 6 ወር አይንቅም። ልዩነቱ ያለው በሌላ ነገር ነው። የቅኔው ተማሪ ቃሉን የሚፈልገው ለምሥጢሩ ሲል ነው፤ አታሚው ግን ስለ ቧሎ ግጥም አንድ ቃል ሳያነሣ ስለ ስሙ አጻጻፍ ብቻ ተናገረ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን ጠባይ አጕልቶ የሚያሳየው በ1806 ያተመው አቡነ ዘበሰማያት ነው። ከአንድ ዓመት አስቀድሞ በፓሪስ ይኸው ጸሎት በ150 ቋንቋ ታትሞ ነበር፤ ቦዶኒ በ155 ቋንቋ አትሞ በለጠው። የእስያ፥ የኤውሮፓ፥ የአፍሪካና የአሜሪካ ቋንቋዎች በየክፍላቸው ተሰልፈዋል። መጽሐፉ ያለ ጥርጥር የሚያስደንቅ ነው። ግን አንባቢው ማን ነው? 155 ቋንቋ አንብቦ የሚጨርስ ሰው በምድር ላይ አይገኝም። ጸሎቱን የሚጸልይ በአንድ ቋንቋ ይበቃዋል፤ 155ቱን የሚፈልግ የፊደልን መልክ ሊያይ የሚወድ ነው። እንግዲህ ይህ ለንባብ ሳይሆን ለእይታ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው።

የዕድሜው ሁሉ ፍሬ ግን «ማኑዋሌ ቲፖግራፊኮ» የተባለው የፊደላቱ መዝገብ ነው። የመጀመሪያው በ1788 ወጥቶ ነበር፤ የተፈጸመው ትልቁ ግን እርሱ ከሞተ ከ5 ዓመት በኋላ በ1818 በ2 ክፍል ታትሞ ወጣ። ያሳተመችው ሚስቱ ማርጌሪታ ዳልዓልዮ ናት፤ እርሷ ባትጸና ኖሮ ይህ ሥራ ሳይፈጸም በቀረ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ከ140 የሚበልጡ የላቲን ፊደል መልኮች ከታላቁ እስከ ታናሹ ተደርድረዋል። በሁለተኛው ክፍል የጽርዕ፥ የዕብራይስጥ፥ የሱርስት፥ የዐረብ፥ የቅብጥና የአርመን ፊደላት ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ጋር የኢትዮጵያ ፊደል አለ። በመቅድሙም የፊደል ውበት በ4 ነገር እንደሚቆም ያስተምራል፤ እነርሱም የቅርጽ አንድነት፥ የአቀራረጽ ጥራት፥ መልካም ምርጫና ሞገስ ናቸው።

እነዚህ 4ቱ እያንዳንዳቸው እውነት ናቸው። የቅርጽ አንድነት ከሌለ ፊደላቱ እንደ ገበያ ሰው ይጋፋሉ፤ ጥራት ከሌለ መሥመሩ ይዝረከረካል፤ መልካም ምርጫ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ሞገስ ከሌለ ሁሉም ሬሳ ነው። ነገር ግን ከ4ቱ አንዱ እንኳ በስሙ ንባብ አይባልም። ምናልባት ቦዶኒ 4ቱ ከተሟሉ ንባብ ራሷ ተከትላ ትመጣለች ብሎ አስቦ ይሆናል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የተነሣው በዚህ ነው፤ ተከትላ አልመጣችምና።

ከነቃፊዎቹ ሁሉ ቍጣው የበረታው እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ ነው። ሞሪስ በ1891 ኬልምስኮት የተባለ ማተሚያ ቤት ያቋቋመ፥ የ15ኛውን መቶ ዓመት የቬኒስ ፊደል የሚወድ ሰው ነበር። የቦዶኒን ፊደል ግን ከተቀረጹት ፊደላት ሁሉ የማይነበብና አስቀያሚ ነው ብሎ ፈረደበት፤ የውፍረቱና የቅጥነቱም ልዩነት ከአእምሮ ውጭ ሆኖ ታየው። ንግግሩ የቍጣ ቢሆንም ምክንያት አለው። ዓይን አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በወፍራሙ ዐምድ አይደለም፤ ዐምድ በሁሉ ዘንድ አንድ ነውና። የሚለየው ዐምዱን ከዐምድ በሚያገናኘው ቀጭን መሥመር ነው። የላቲኑ «ኢ» የተባለው ትንሹ ፊደል «ሲ» ከተባለው የሚለየው በመካከሉ ባለው አንድ አግድም መሥመር ነው። ያ መሥመር እንደ ጠጕር ቀጥኖ ቀለሙ ሲሳሳ «ኢ»ው «ሲ» ይሆናል፤ መሥመሩም ሁሉ ቃል መሆኑ ቀርቶ እንደ አጥር እንጨት የቆመ ዐምድ ብቻ ሆኖ ይታያል። አንባቢም ሁለት ገጽ ሳይሄድ ዓይኑ ይደክማል።

ሌላም ነቀፌታ አለ፤ ይህም ከሞሪስ የከፋ ነው። ሊቃውንት የቦዶኒን መጻሕፍት መርምረው የንባብ ስሕተት አግኝተውበታል። ለአንድ ስም መልክ 6 ወር የሚደክም ሰው፥ ቃሉን ለማረም እንደዚያ አልደከመም ማለት ነው። የብራና ጸሐፊ ጽሕፈቱ ቢያምርና ንባቡ ቢሳሳት መጽሐፉ ለመምህሩ ቀርቦ ይታረማል፤ ሳይታረም ቢቀር ግን ውበቱ ስሕተቱን ያስፋፋዋል። ያማረ መጽሐፍን ሁሉ ሰው ይገለብጠዋልና። በዚህ ነገር ቦዶኒን ሊያድነው የሚችል ጠበቃ የለም።

በሞሪስ ክስ ግን ጠበቃ አለው፤ ጠበቃውም የሥራው ብልሃት ነው። በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ የፊደል መጠን ለብቻው የብረት ማኅተም በእጅ ይቀረጽ ነበር። ማኅተሙ በመዳብ ላይ ተመትቶ ይታተማል፤ በመዳቡም ጕድጓድ እርሳስ ፈስሶ ፊደሉ ይወጣል። ስለዚህ ትንሹ ፊደል ትልቁ ፊደል አንሶ የተገኘ አይደለም። ቀራጩ ለትንሹ ሌላ ማኅተም ሲቀርጽ ቀጭኑን መሥመር ጥቂት ያወፍረዋል፤ በፊደሉ ውስጥ ያለውን ነጭ ስፍራ ያሰፋዋል፤ ፊደልን ከፊደልም ያራርቃል። የማኑዋሌው የፊደል ብዛት ምሥጢሩ ይህ ነው። ሰው አንድ ፊደል ይህን ያህል ጊዜ መቀረጹን ከንቱ ድካም ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ለዓይን የተደረገ ርኅራኄ ነው።

የኢትዮጵያ ጸሐፊዎች ይህን ብልሃት ያለ ማኅተም ያውቁታል። በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ከራቅ የሚነበበው መጽሐፍ በጉልሕ ጽሕፈት ይጻፋል፤ በእጅ የሚያዘው በረቂቅ ይጻፋል። በድጓ ላይ ከንባቡ በላይ የሚቀመጠው የዜማ ምልክት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ለዚህ ለታናሹ ጽሕፈት ጸሐፊው ሌላ መቃ ይቀርጻል እንጂ በጉልሑ መቃ አይጽፍም። መጠኑ ሲለወጥ መሣሪያውም ይለወጣል።

በቦዶኒ ፊደል ላይ ታላቁ በደል የተፈጸመው ይህ ብልሃት ከተረሳ በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሎንዶን ወፍራሙን እጅግ አወፍረው በግድግዳ ለሚለጠፍ ማስታወቂያ የሚሆን ፊደል ሠሩ፤ ይህ ለታሰበለት ስፍራ መልካም ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ሞሪስ ፉለር ቤንተን በአሜሪካ በ1909 ገደማ፥ ሃይንሪሽ ዮስት በጀርመን በ1926 ፊደሉን እንደ ገና አነሡት። ቤንተን ቀጭኑን መሥመር አበርትቶ ለዕለት ሥራ አመቻቸው፤ የዮስቱ ይበልጥ የረቀቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊደል በብርሃን ሥዕል፥ በመጨረሻም በኮምፒዩተር መሠራት በጀመረ ጊዜ አንድ ሥዕል ተሥሎ ለመጠን ሁሉ ማገልገል ጀመረ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአታሚዎች ልክ 72 ነጥብ የሆነ፥ ይኸውም አንድ ኢንች ያህል የሆነ ፊደል ወደ 8 ነጥብ ሲወርድ መሥመሩ ሁሉ 9 ጊዜ ይቀጥናል። ወፍራሙ ዐምድ 9 ጊዜ ቢቀጥን ገና ይታያል፤ ጠጕር የመሰለው መሥመር ግን 9 ጊዜ ሲቀጥን ይጠፋል። የጠፋውን መሥመር ያጠፋው ቦዶኒ ሳይሆን ፊደሉን ያለ ቦታው ያዋለው ሰው ነው።

ይህንንም የተገነዘቡ ሰዎች አልጠፉም። ሃንስ ማርደርስታይግ በ1922 ባቋቋመው ማተሚያ ቤት ከቦዶኒ የራሱ መዳብ ፊደል እንዲያወጣ ተፈቅዶለት መጻሕፍት አሳተመ። በኋላም ሳምነር ስቶን ከጓደኞቹ ጋር ወደ ፓርማ ሄዶ በዚያ የተጠበቁትን ማኅተሞች መረመረ፤ በ1994 በወጣውም ሥራቸው ፊደሉን በ3 መልክ አቀረቡት፤ አንዱ ለ6 ነጥብ፥ አንዱ ለ12፥ አንዱ ለ72። የ6ቱን አጕልቶ ከ72ቱ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱን የተለያዩ ፊደላት ናቸው ሊል ይችላል፤ የ6ቱ ወፍሮ ጠርዙ የደነደነ፥ የ72ቱ ግን የተሳለ ነው። በየመጠናቸው ሲታተሙ ግን አንድ ሆነው ይታያሉ። ከ2 ዓመት አስቀድሞ በ1992 ሃርፐርስ ባዛር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት መልኩን ሲያድስ ጆናታን ሄፍለር የሠራለት የዲዶ ፊደል እንዲሁ ለየመጠኑ የተለየ ሥዕል ነበረው። በዚያው መጽሔት ከ1934 እስከ 1958 የገጹን አቀማመጥ የመራው አሌክሲ ብሮዶቪች ይህን ዐይነት ፊደል በትልቅ ርእስና በሰፊ ነጭ ስፍራ ላይ እያዋለ ቦታውን አሳይቶ ነበር። ይህ ሁሉ አዲስ ጥበብ ይመስላል እንጂ ወደ ቦዶኒ አሠራር መመለስ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድር ነው? ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ካላማረ ቅኔው አይሰማም፤ ሰሙ ብቻውን አምሮ ወርቁን ከሸሸገ ግን መምህሩ «ይህ ሰም ነው፥ ወርቁ የት አለ?» ብሎ ተማሪውን ይመልሰዋል። የፊደል መልክ ሰም ነው፤ ቃሉ ወርቅ ነው። ቦዶኒ ሰምን ከሚያሳምሩ ሁሉ የላቀ ነበረ፤ ወርቁን ግን ሁልጊዜ አልፈለገም። ስለዚህ ለአንድ መሥመር፥ ለአንድ ስም፥ ለአንድ ርእስ ፊደሉ ተወዳዳሪ የለውም፤ ርእስ ራሱ ሊታይ የተሠራ ነውና። ለረጅም ትምህርት፥ ለጸሎት መጽሐፍና ለጋዜጣ ዓምድ ግን ያ የሾለው መልኩ አይገባውም። ሞሪስ የቦታውን ጥፋት በፊደሉ ላይ አኖረ፤ የቦዶኒ ወዳጆችም የፊደሉን ውበት ለቦታ ሁሉ ፈቃድ አደረጉት። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ነገሩ የግዕዝን ፊደል ለሚያሳትሙ ሰዎችም ይደርሳል፤ በዚህ ዘመን ፊደልን በኮምፒዩተር መሣል ለብዙዎች ተችሏልና የኤውሮፓን ወፍራምና ቀጭን በግዕዝ ላይ ማድረግ የሚወድ አይታጣም። በርእስ ላይ ቢሆን ማን ይከለክላል? ነገር ግን በግዕዝ ፊደል ቀጭኑ መሥመር ጌጥ ብቻ አይደለም። ካዕቡን ከግዕዙ፥ ኀምሱን ከሣልሱ የምትለየው ታናሽ ቅጥያ ናት። «ሰጠ» በሚለው ቃል መጨረሻ ከጐን አንዲት ቅጥያ ብትጨመር «ሰጡ» ይሆናል፤ አንድ የነበረው ሰጪ ብዙ ሆነ። ያቺ ቅጥያ እንደ ጠጕር ቀጥና በትንሽ መጠን ብትጠፋ አንባቢው መድከም ብቻ ሳይሆን ሌላ ቃል ያነባል። በላቲን ዘንድ የጠፋው መሥመር ዓይንን ያስቸግራል፤ በግዕዝ ዘንድ የጠፋው መሥመር ባለቤቱን ይለውጣል። በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ቢሆን ደግሞ ትርጓሜውን ያፋልሳል።

ስለዚህ ይህን ዐይነት ፊደል ለሚያውል ሰው ሥርዐቱ አጭር ነው። ለትልቅ ርእስ የተሣለውን በትልቅ መጠን ብቻ ያውለው፤ ለትንሽ መጠን የተሠራ ወንድም ካለው እርሱን ይፈልግ፤ ከሌለው ግን ሌላ ፊደል ይምረጥ። ቃሉን ያሳጥር፤ ነጩን ስፍራ አይሣሣበት። ወረቀቱ ለስላሳ፥ ቀለሙ ጥቍር ይሁን። በጥቍር መደብ ላይ በነጭ ከማተም ይጠንቀቅ፤ ቀለሙ ከሁለት ወገን ገብቶ ቀጭኑን መሥመር ይደፍነዋልና። ከሁሉ በፊት ግን ንባቡን ያርም፤ ስሕተት በትልቅና ባማረ ፊደል ሲታተም ከሩቅ ይታያል።

የቦዶኒ ማኅተሞች ዛሬ በፓርማ በ1963 በተከፈተው ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ቍጥራቸውም በብዙ ሺህ ነው። ሊያያቸው የሚሄድ ሰው ትልልቆቹን ብቻ አድንቆ እንዳይመለስ ይገባዋል። ስንዴ ቅንጣት የሚያህለውን ማኅተም አንሥቶ ቀጭኑ መሥመር ምን ያህል እንደ ወፈረ ይመልከት፤ ያን ጊዜ አታሚው ስለ አንባቢው ያሰበበትን ስፍራ ያገኛል። የትልቁ ፊደል ስፍራ ግን በደጅ ነው፤ በዚያ ቆሞ የሚገባውን ይጥራ፥ በቤቱ ውስጥም ትሑቱ ፊደል ያስተምር።